የሜዳ ጥማድና የዳገት ጥማድ

መጋቢት 15

ሁለት ክፍል አስተማርኩ። የሦስተኛ ዓመቶቹ ግማሾቹ የሉም… መንገድ ተዘግቶባቸው ነው ወይስ ፈተናውን ፈርተው? መብራት እስከ ሰባት ሰዓት ጠፍቶ ዋለ። ከሰዓት የጫማዬ ሶል ተላቀቀና መናኸሪያው አጠገብ ጫማ ሰፊው ጋ ቁጭ አልኩ፣ አንድ እግሬን ባዶ አድርጌ። እዚያው እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ኢሜይል። ከሞምባሳው ጉባኤ!

የማሽላ ጥናታችንን ተቀብለውታል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፖስተር እንኳ አይደለም፣ መድረክ ላይ ቆሜ እንዳቀርብ ነው። አውሮፕላኑንም ሆቴሉንም እነሱ ይችላሉ። ግንቦት 5፣ ጠዋት አራት ሰዓት ተራዬ ነው። ሦስቴ አነበብኩት። ጫማ ሰፊው መርፌውን አቁሞ «እህቴ፣ መርዶ ነው እንዴ?» አለኝ። ለካ እያለቀስኩ ኖሯል።

ባጃጅ ይዤ ወደ ግቢ። ዶክተር ጌትነት ቢሯቸውን ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩ። ጥናቱ የሁለታችን ነው፤ ዱሮ አስተማሪዬ ነበሩ፣ አሁን አለቃዬ ናቸው። እንደ ልጃቸው አቀፉኝ። ወጪ የሚችሉት ለአንድ ሰው ብቻ መሆኑን ስነግራቸው እንኳ አላመነቱም። «አንቺ ሂጂ፤ ገበያ ለገበያ የተንከራተትሽው አንቺ ነሽ።» የእሳቸው እድገት በዚህ ጥናት ላይ እንደተንጠለጠለ አውቃለሁ… ሌላ ሰው ቢሆን ይለቅልኝ ነበር?

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም።

መጋቢት 16

አሁንም ከፍቼ አየሁት። አለ።

መጋቢት 20

ጉዞውን ማቀድ ጀመርኩ። ፓስፖርቴ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ኬንያ ለእኛ ቪዛ አትጠይቅም አሉኝ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን የግድ ነው። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ። ያ ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ ከወልድያ ተነሥቶ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ነው። «ሞምባሳ ቅርብ ናት፣ ደሴ ናት ሩቋ» አሉ ዶክተር ጌትነት። ሳቅን፣ ግን እውነት ነው። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው። ነገ? ሚያዝያ 28 ልነሣ ወሰንኩ፣ መንገድ ላይ ብታገድ እንኳ ቀን እንዲተርፈኝ።

ብርሃኑም ደወለ፣ የሐብሩ ወረዳ የግብርና ባለሙያ። «ውጤቱን ላኪልኝ እንጂ! ግንቦት መጀመሪያ ሥልጠና አለኝ። የዳገቱ ሰው ጅጉርቲ ጅጉርቲ ማለቱን እንዲተው በቁጥር ላሳየው።» ጅጉርቲ የሚሉት ነባሩን ማሽላቸውን ነው። ስልሳ አራት የሐብሩ ገበሬ ጠይቀን ያገኘነው፦ አዲሱ ዘር በሄክታር ሃያ አራት ኩንታል፣ ነባሩ ዐሥራ ስድስት። አዲሱ በግማሽ ይበልጣል ማለት ነው። ቁጥሩ ያምራል። ላክሁለት።

መጋቢት 26

መርሳ፣ እማ ዘንድ። «ባሕር ያለበት ከተማ ነው» ማለቴ ስሕተት ነበር። ወንድሜ ረዲ በጀልባ ተሻግሮ ነው ሪያድ የገባው፤ ያኔ ዐሥራ ስምንት ቀን ድምፁ ጠፍቶ እማ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሏት ነበር።

«በአውሮፕላን እኮ ነው የምሄደው እማ። ባሕሩን ከዳር ሆኜ ነው የማየው።»

«ከዳር! እሱስ ከዳር አልነበር የተነሣ?»



በኋላ ረዲ ራሱ ደውሎ አባበላት። ለካ ከሪያድ ለተመለሰ ጎረቤት ሻንጣ አስይዞልኝ ኖሯል። ቀይ፣ ባለ አራት ጎማ፣ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠ። እማ እየገፋች ቤቱን አዞረችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ዙር ተሸነፈች። «በይ እንግዲህ። ዱዓ ሳይደረግልሽ ግን እግርሽን ከመርሳ አታነሺም። ለሼህ ዓሪፍ እነግራለሁ።» ሼህ ዓሪፍ የሟቹ አባቴ ወዳጅ ናቸው፣ ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ የሚያርሱ። ከስልሳ አራቱ ገበሬዎችም አንዱ ናቸው። ቀኑ ተቆረጠ፣ ሚያዝያ 3።

ሚያዝያ 1

ባዶ ክፍል ገብቼ ተለማመድኩ። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የተፈቀደልኝ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ፈጀብኝ። እንግሊዝኛዬ ስፈራ ይንተባተባል። ግራፉ ጋ ስደርስ ግን ድምፄ ራሱ ከፍ ይላል። ሁለት ዓምድ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። ማንም ይገባዋል።

ሚያዝያ 3

ዱዓው ተደረገ። ከሥሩ ልጻፈው።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው መጡ፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ። የመሩት ሼህ ዓሪፍ ናቸው። «ቀናውን መንገድ ያሳይሽ» አሉ። «አሚን» አልን። «በሄድሽበት አፍሽን ያብራልሽ፣ በሰላም ይመልስሽ።» «አሚን!» የእማ ድምፅ ከሁሉም በላይ። እዚህ ድረስ ደስ የሚል ቀን ነበር።

ከዚያ ጨዋታ ሆነ። ሼህ ዓሪፍ ከወንድማቸው ልጅ ጋር መሬት መለዋወጣቸውን ያወራሉ። ሜዳው ላይ የነበረቻቸውን አንድ ጥማድ ሰጥተው፣ ከቤታቸው አጠገብ ከዳገቱ አንድ ጥማድ ተኩል ተቀበሉ። እኔ ሞኟ ገባሁበት።

«ለምን ጥማድ በጥማድ አልሆነም? የሜዳው ለም ስለሆነ ነው?»

ሳቁብኝ። እማ ሳትቀር።

«ኧረ የኔ ልጅ! ስፋቱ እንዲተካከል ነዋ። ጥማድ እኮ ጥንድ በሬ በቀን ያረሰው ነው። በሬ ሜዳ ላይ ይገሰግሳል፣ ድንጋይ ላይ ያቃስታል። የሜዳ ጥማድና የዳገት ጥማድ አንድ ነው እንዴ?»

«መጽሐፉ… አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ይላል እኮ አባ።»

«መጽሐፉ በሬ አለው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ ያለ ምንም ክፋት፦ «ዐምና ገበያ ላይ ስትጠይቂን ይኸን ሳታውቂ ነበር እንዴ?»

አዲሱን ዘር የዘራው የሜዳው ሰው ነው። ነባሩን የዘራው የዳገቱ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሰፊውንም ጠባቡንም በአንድ ጥማድ ለካሁ።

ሚያዝያ 4

ወልድያ ተመለስኩ። ቅጾቹን ከቁም ሣጥኑ አወረድኩ። ስልሳ አራቱም ላይ ያው ጥያቄ ነው፦ ስንት ጥማድ? ስንት ኩንታል? ያኔ መንገድ ስለተዘጋ ማሳቸው ድረስ መሄድ አልቻልንም፤ መርሳና ሐራ ገበያ ላይ እያስቆምን ነው የሞላነው። የአፈሩን ልዩነት እንኳ በሒሳብ አስተካክለን ነበር። መለኪያውን ማን ጠረጠረ? የነጋዴ ልጅ ነኝ። ሜትርና ኪሎ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ጥማድም እንደነሱ መስሎኝ…

የሼህ ዓሪፍ ቅጽ ቁጥር 37 ነው። ዐምና ሁለቱንም ዘርተው ነበር፣ አዲሱን ሜዳው ላይ፣ ነባሩን ዳገቱ ላይ። «የትኛው ይበልጣል?» ከሚለው ሥር በእርሳስ፣ በራሴ ጽሕፈት፦ «ያው ነው ይላሉ። ጥያቄው አልገባቸውም።»

ደጋግሜ አነበብኩት። አፈርኩ። ማንም ሳያየኝ አፈርኩ።

ሚያዝያ 6

ስልኬን ይዤ ማሳ ለማሳ ስዞር ዋልኩ። ሲሪንቃ አካባቢ ሜዳው ላይ አራት ማሳ፣ ከመርሳ በላይ ዳገቱ ላይ አራት። በየድንበሩ ዳር ስሄድ ስልኩ ስፋቱን ይነግረኛል። ሜዳው ላይ አንድ ጥማድ የሄክታር ሲሶ ነው። ዳገቱ ላይ ከአምስት አንድ፣ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንዷ ሴት ከማሳዋ ሆና «መሬታችንን ሊወስዱ ነው የምትለኪው?» አለችኝ። አይደለም ስላት አላመነችኝም። ያቺ የተሰፋችው ጫማዬ እንደገና ተላቀቀች።

ሚያዝያ 7

ሠራሁት። ደግሜ ሠራሁት። አዲሱ በሄክታር ዐሥራ ስምንት ኩንታል። ነባሩ ዐሥራ ዘጠኝ።

ረጅሙ ዓምድ የት ሄደ? ስምንት ማሳ ብቻ ነው የለካሁት፣ ሌሎቹ ሲለኩ ሊለወጥ ይችላል እላለሁ። ግን ልቤ አያምነኝም።

ሚያዝያ 8

ለዶክተር ጌትነት ነገርኳቸው። በሩን ዘግቼ፣ ቁጥሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩ። እሳቸው ከጉባ ላፍቶ ደጋ ናቸው፣ እስከ ዐሥረኛ ክፍል እያረሱ የተማሩ።

«የገበሬ ልጅ ነኝ ናጅዋ። ጥማድ እንደሚለያይ የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም።»

«ያውቁ ነበር?»

«ሁሉም ለአራት ነው የሚያካፍለው። መጽሐፉም፣ ቢሮውም። እኔም ተማርኩና አካፈልኩ። አላሰብኩትም… ወይ ማሰብ አልፈለግኩም።»

ያን ጊዜ አንጀቴን በሉኝ። ግን ወዲያው ድምፃቸው ተለወጠ። «አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሂጂና አቅርቢ። ስትመለሺ ለኅትመቱ እናስተካክለዋለን። ሞምባሳ ውስጥ ጥማድ የሚያውቅ ማን አለ?»

ማንም የለም። እውነታቸውን ነው። እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

ሚያዝያ 10

ቲኬቱ መጣ። ስሜ አለበት፣ ከነአባቴ ስም። የቢጫ ወባውንም ዛሬ ተወጋሁ፣ ካርዷን ተቀበልኩ፣ ክንዴ አብጧል። ሁሉ ነገር ተሟላ።

ብርሃኑ ደወለ። «ግራፍሽን በትልቁ አሳትሜዋለሁ! ዘንድሮ የዳገቱን ሰው ዘር አስቀይራለሁ።» ደስታው በስልክ ይሰማል። «በርታ» አልኩት። በርታ! ነባሩን ዘር አንዴ ፈጭተው ከበሉት በሚቀጥለው ዓመት ከየት ያመጡታል? አዲሱ ዘር ድንጋዩ ላይ እንደሚያዋጣስ ማን ሞክሮ ያውቃል? እኔ አላውቅም። እኔ የማላውቀውን ነው የሚነግርልኝ።

ሚያዝያ 11

ቀኑን ሙሉ ስለ ባሕሩ አሰብኩ። ሽታ አለው ይላሉ፣ ሳያዩት ይሸታል። ሄጄ ባቀርብ ማን ይጎዳል? ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው… ያጨበጭባሉ፣ ይረሳሉ። ደግሞ ዱዓ የተደረገልኝ ለዚህ አይደለም እንዴ?

ዱዓው። «ቀናውን መንገድ» ነበር ያሉት። አሚን ብያለሁ።

ሚያዝያ 13

ለሞምባሳዎቹ ጻፍኩ። ስሕተቱ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንዳገኘሁት፣ ስንት ማሳ እንደለካሁ፣ ስንት እንደሚቀረኝ። ከፈቀዱልኝ ይህንኑ ላቅርብ አልኳቸው። አንድ ገጽ አልሞላም።

ሳላሳውቃቸው መላክ ነውር ስለሆነ መጀመሪያ ለዶክተር ጌትነት አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ስሜን አውጪው» አሉ። ሌላ ምንም። አወጣሁት። ስምን ለማጥፋት አንድ ቁልፍ ነው የሚጫኑት፣ ጣቴ ግን እንቢ ብሎኝ ነበር። የጻፍኩትን ሁሉ ያረሙ፣ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው እኮ።

ላክሁት፣ ከዚያ ለብርሃኑ ደወልኩ። «ቀልድሽን ነው?» አለ። አለመሆኑ ሲገባው፦ «አሁን ለሰዉ ምን ላሳይ? አሳትሜዋለሁ እያልኩሽ!» አብረን እንለካ አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሚያዝያ 18

መልሱ መጣ። አራት መስመር። ስለ ግልጽነቴ ያመሰግናሉ። የጥናቱ ውጤት ስለተለወጠ ተራዬን ለሌላ ሰጥተዋል። የጉዞው ወጪ ለአቅራቢዎች ብቻ ስለሆነ ቲኬቱ ተሰርዟል። ሥራው ሲያልቅ ለሌላ ጊዜ ብልክ ደስ ይላቸዋል።

ልዋሽ አይደለም፣ ተስፋ አድርጌ ነበር። እውነት የተናገረ ይመሰገናል፣ ተመስግኖም ይሄዳል ብዬ። ተመሰገንኩ። ሄድኩ ግን አይደለም።

ጫማዬን ለማሰፋት ወጣሁ። ጫማ ሰፊው አስታወሰኝ። «ያን ቀን ያስለቀሰሽ ምን ነበር?» አለኝ። «ጉዞ ነበር።» «እና?» «ቀረ።» ሶሉን ሁለቴ ሰፋልኝ፣ «ይቺስ ትጠነክራለች» ብሎ።

ሚያዝያ 20

ለእማ ነገርኳት። በስልክ አይሆንም ብዬ መርሳ ሄጄ።

«ዱዓ ተደርጎልሽ? መንደሩ ሁሉ አሚን ብሎልሽ?»

ስለ ጥማዱ ላስረዳት ሞከርኩ። ያን ቀን ከሳቁት አንዷ እሷ አይደለችም?

«ታዲያ አንድ ቁጥር ተሳሳትሽ ተብሎ ነው?»

«የሰው እህል ነው እማ። ዘራቸውን ጥለው ቢራቡስ?»

«እኔ ይኸን አላውቅም። እኔ የማውቀው ‘ናጅዋ መቼ ነው የምትሄደው?’ ሲሉኝ የምመልሰው እንደሌለኝ ነው።» ሻንጣውን በእግሯ ገፍታ ከአልጋው ሥር አስገባችው። ፕላስቲኩ አሁንም አልተላጠም። እስክወጣ አላናገረችኝም።

ቅር ያለኝ በሷ አይደለም። ረዲ ሲሄድ ፈርታ አልቅሳለች፣ እኔ ስቀርም አፍራ ልታለቅስ ነው… መቼ ነው በእኛ ደስ የሚላት?

ሚያዝያ 28

ዛሬ የምነሣበት ቀን ነበር። ዶክተር ጌትነትን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። «ደህና ነሽ» አሉ፣ ሳይቆሙ። መንገዱ ደግሞ እስከ ደሴ ክፍት ነው አሉ። ጉድ እኮ ነው።

ግንቦት 2

የብርሃኑ ሥልጠና ትናንት ነበር። ሼህ ዓሪፍ ደውለው ነገሩኝ፤ ግራፉን አላሳየም። «እየተለካ ነው፤ ዘንድሮ ሁሉም የለመደውን ይዝራ» ብሎ አለፈው። እኔን ግን አሁንም ስልኬን አያነሣም። ሼህ ዓሪፍ የደወሉት ለሌላ ነው፦ «ሜትር ይዘሽ ነይ፣ ሰዉን እኔ አናግርልሻለሁ። መሬት ወሳጅ አይደለችም እላቸዋለሁ።»

ግንቦት 5

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሼህ ዓሪፍ ዳገት ላይ ነበርኩ፣ የሜትሩን አንድ ጫፍ ይዤ። ሌላው ጫፍ በእሳቸው እጅ።

እማ ዘንድ ነው ያደርኩት። ቅጾቹን በፌስታል ይዤ ልወጣ ስል ጎንበስ ብላ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። ፕላስቲኩን ላጠችው። ቅጾቹን ከተተች፣ ሜትሩን፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ። ዚፑን ዘጋችና በሩ ላይ አቆመችው። «አላህ ቀናውን ያሳይሽ» አለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «አሚን» ብዬ እጀታውን ያዝኩ።

ባጃጁ ዳገቱ ሥር አወረደኝ። ጎማው ለድንጋይ አይሆንም፣ ተሸክሜው ወጣሁ። ሼህ ዓሪፍ ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ይኸ ነው ባሕር ሊሻገር የነበር?»

«እሱ ነው አባ።»

ሦስት ማሳ ለካን። ያቺ «መሬታችንን ሊወስዱ ነው» ያለችኝ ሴት ዛሬ ራሷ ድንበሯን እየመራች አሳየችን። ከስልሳ አራቱ ዐሥራ አንድ ደረስኩ። የሞምባሳው ሰዓት መቼ እንዳለፈ አላየሁም፤ ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ዛፍ ጥላ ሥር አረፍን፣ የእማን ቆሎ እየቆረጠምን። ቅጽ ቁጥር 37ን አወጣሁ። «አንድ ነገር እንደ አዲስ ልጠይቅዎት። አዲሱ ዘር ይበልጣል ወይስ ነባሩ?»

«ዐምና ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«ነግረውኛል። አልሰማሁም።»

«ያው ነው» አሉ።

በእስክሪብቶ ጻፍኩት። በእርሳስ የነበረውን መሰረዝ ጀመርኩ። «ምኑን ነው የምትሰርዢ?» አሉኝ። መደበቅ እችል ነበር፣ እሳቸው አያነቡም። አነበብኩላቸው፦ ያው ነው ይላሉ፤ ጥያቄው አልገባቸውም።

ቆሎውን እፍኛቸው ውስጥ አገላበጡት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ያልገባው እኔን ነበር?»

«ያልገባው እኔን ነው አባ።»

አዩኝ። «አብሽሪ» አሉ፣ ተነሡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ። የሜትሩን ጫፍ ይዘው ወደሚቀጥለው ማሳ ቀድመውኝ ሄዱ። ሻንጣውን አንሥቼ ተከተልኳቸው።